የዩኒቨርሲቲ ቡድን በሊግ ውስጥ ምን ቦታ አለው? ጥያቄው ከወሎ ሲታይ

የደሴ፣ የኮምቦልቻ ወይም የወልድያ ክለብ ገንዘብ ባጠረው ቁጥር አንድ ሐሳብ ይነሳል፦ «ዩኒቨርሲቲው ለምን አይረከበውም?» ሐሳቡ የሚስብ ነው። ዩኒቨርሲቲ በጀት፣ ሰፊ ግቢ፣ መኝታና ምግብ ቤት፣ አውቶቡስ፣ ሜዳና የስፖርት መምህራን አሉት። የከተማ ክለብ ከእነዚህ አብዛኞቹ ይጎድሉታል። በሌላ ወገን «ለመማር ማስተማር የተመደበ ገንዘብ ለተጫዋች ደመወዝ ለምን ይውላል?» የሚለው ተቃውሞም ቀላል አይደለም። እኔ እንደምረዳው ግን ሁለቱ ወገኖች የሚከራከሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው፤ የማይገናኙትም ለዚህ ነው።

«የዩኒቨርሲቲ ቡድን» በሚል በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ዓይነት ቡድኖች አሉ። በአንደኛው የሚጫወተው ጠዋት ክፍል ገብቶ ከሰዓት በኋላ ልምምድ የሚወርድ ተማሪ ነው። በሁለተኛው የሚጫወተው ከዝውውር ገበያ የፊርማ ገንዘብ ተከፍሎት የመጣ ባለሙያ ሲሆን፣ የዩኒቨርሲቲው ድርሻ ስሙን መስጠትና ወጪውን መሸፈን ብቻ ነው። በእኔ እምነት የመጀመሪያው ቡድን በከፊል ፕሮፌሽናል ሊጎች ውስጥ ሙሉ መብት አለው፤ እንዲያውም አሁን በውድድሩ ላይ ካሉት ከብዙዎቹ የተሻለ ምክንያት ይዞ ይመጣል። ሁለተኛውን ግን ዩኒቨርሲቲዎቻችን ሊሞክሩት አይገባም። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ከደንቡ ልጀምር።

የዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበር ፊፋ «ከፊል ፕሮፌሽናል» የሚባል ተጫዋች አያውቅም። በፊፋ የተጫዋቾች ምዝገባና ዝውውር ደንብ ተጫዋች ወይ አማተር ነው ወይ ፕሮፌሽናል። ከክለቡ ጋር የጽሑፍ ውል ያለውና ለመጫወት ከሚያወጣው ወጪ በላይ የሚከፈለው ፕሮፌሽናል ይባላል፤ የቀረው ሁሉ አማተር ነው። ትራንስፖርቱና ምሳው ብቻ የሚሸፈንለት ልጅ አማተር ነው። ከዚያ አልፎ በውል የሚከፈለው፣ ክፍያው የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን፣ በደንቡ ዓይን ፕሮፌሽናል ነው። ከፊል ፕሮፌሽናል የምንለው እንግዲህ ሊጉን ነው፤ አንዱ ክለብ ደመወዝ፣ ሌላው አበል ብቻ የሚከፍልበት፣ ብዙው ተጫዋች ኑሮውን በኳስ ብቻ መምራት የማይችልበት ውድድር ማለታችን ነው። በአገራችን ከፕሪምየር ሊጉ በታች ያሉት ከፍተኛ ሊግና አንደኛ ሊግ፣ እንዲሁም የክልል ክለቦች ሻምፒዮና በተግባር ለዚህ የቀረቡ ናቸው።

ይህ ልዩነት ለተማሪ ተጫዋች ትልቅ ትርጉም አለው። እንደ ማንኛውም ተማሪ ተመድቦ የመጣ፣ እንደ ማንኛውም ተማሪ በመኝታ ክፍል የሚያድርና በምግብ ቤቱ የሚመገብ ልጅ ለኳስ ሲባል የተከፈለው ነገር የለም። ከወጪ መጋራት ውሉም ነጻ አይሆንም። ዩኒቨርሲቲው በወር ይህን ያህል ብር እከፍልሃለሁ ብሎ ካስፈረመው ግን ነገሩ ይለወጣል፤ ተማሪው ሠራተኛ፣ ዩኒቨርሲቲው አሠሪ ይሆናሉ። ግብር ይመጣል፣ ጉዳት ሲደርስ ማን ያሳክም የሚል ጥያቄ ይመጣል፣ ውል ሲፈርስ ክስ ይመጣል።

በደንቡ ውስጥ ብዙዎች የማያስተውሉት ሌላም ነገር አለ። ተጫዋች ወደ ውጭ አገር ክለብ በፕሮፌሽናልነት ሲፈርም ከ12 ዓመቱ እስከ 21 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች የሥልጠና ካሳ የሚከፈልበት ሥርዓት አለ። የዩኒቨርሲቲ ዕድሜ የመጨረሻዎቹን ዓመታት ይሸፍናል። ካሳውን መጠየቅ የሚችለው ግን በፌዴሬሽን የተመዘገበ ክለብ ነው። በዩኒቨርሲቲዎች የእርስ በርስ ውድድር ብቻ የሚጫወት ቡድን ልጁን አራት ዓመት ቢያሠለጥነውም ዋጋ አያገኝም። ተማሪዎችን ወደ ሊግ ማስገባት ለዩኒቨርሲቲው የሚያስገኘው አንዱ ጥቅም እዚህ ላይ ነው።

ክለቦቻችን የእነማን ናቸው?

«ዩኒቨርሲቲ የእግር ኳስ ድርጅት አይደለም» የሚለው ተቃውሞ ለእኛ አገር ብዙም አይሠራም፤ ምክንያቱም ከክለቦቻችን አብዛኞቹ ባለቤታቸው የእግር ኳስ ድርጅት ያልሆነ አካል ነው። የ2016 ዓ.ም. የፕሪምየር ሊግ ሻምፒዮን ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ነው። የ2017 ዓ.ም. ሻምፒዮን ኢትዮጵያ መድን ነው። መቻል የመከላከያ ሠራዊቱ፣ ኢትዮ ኤሌክትሪክ የመብራት ኃይሉ ነው። የቀሩት በብዛት ከተማ አስተዳደሮች በጀት የሚመድቡላቸው ናቸው። ነገሩ አዲስም አይደለም፤ በ1950ዎቹ የድሬዳዋ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ቡድን ተደጋጋሚ የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ነበር። ባንክና መድን ድርጅት ዋንጫ በሚያነሱበት አገር ዩኒቨርሲቲን ለይቶ «አንተ እንግዳ ነህ» ማለት አያስኬድም።

ልዩነቱ ያለው ገንዘቡ ላይ ነው። ባንክ የሚያወጣው ከንግዱ ካገኘው ነው፤ ስሙን ማስተዋወቅም የንግዱ አካል ነው። የከተማ አስተዳደር የሚያወጣው ከከተማው ሕዝብ ግብር ነው፤ የደሴ ነዋሪ በደሴ ከተማ ክለብ ወጪ ቢናደድ የሚጠይቀው ከንቲባና ምክር ቤት አለው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በጀት ግን ከፌዴራል ግምጃ ቤት የሚመጣ፣ ከአገሪቱ አራቱም ማዕዘን ለመጡ ተማሪዎች ትምህርት ተብሎ የተመደበ ነው። የጂንካው ወይም የአሶሳው ተማሪ ለቤተ ሙከራ መሣሪያ የተያዘው ብር ለአጥቂ የፊርማ ገንዘብ ሲውል የሚጠይቅበት መንገድ የለውም። ከሁሉም ተቃውሞዎች በጣም የሚከብደኝ ይህ ነው።

የሚወጣው ብርም ትንሽ አይደለም። ነሐሴ 2011 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑና ክለቦች ተስማምተው የአንድ ተጫዋች ወርሃዊ ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አስቀምጠው ነበር። ጣሪያ ማስፈለጉ ራሱ ገበያው ከክለቦች አቅም በላይ እንደ ሄደ ይናገራል። በዚያን ጊዜ የአንድ ፕሮፌሰር ደመወዝ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነበር። ፕሮፌሰሩ በሚያስተምርበት ተቋም ስም ከፕሮፌሰሩ ብዙ እጥፍ የሚከፈለው፣ በግቢው አንድም ትምህርት የማይከታተል ሰው መቅጠር የተቋሙን ዓላማ መሳት ነው።

በአገራችን የዩኒቨርሲቲን ስም ይዞ ከፍተኛው እርከን የደረሰ ክለብ አለ። ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲ በ2010 ዓ.ም. በፕሪምየር ሊጉ መጫወት ጀመረ። ክለቡ ለከተማው ሕዝብ የሰጠው ደስታ እውነተኛ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውም ስሙ በየሳምንቱ በሬዲዮና በጋዜጣ ይነሳለት ነበር። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት ሚያዝያ ላይ በአዲስ አበባ ስታዲየም ከመከላከያ (ከዛሬው መቻል) ጋር በተደረገው ጨዋታ ዳኛው ጥቃት ደረሰባቸው፣ ሊጉም ለጊዜው ተቋረጠ። ዜናው በውጭ መገናኛ ብዙኃን ጭምር ሲዘገብ የትምህርት ተቋሙ ስም አብሮ ተነሳ። ስም ማዋስ በሁለት በኩል የተሳለ ነው፤ ከድሉ ስትካፈል ከውርደቱም ትካፈላለህ፣ ሜዳ ላይ የሚሆነውን ግን አንተ አትቆጣጠርም። ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በጦርነቱ ምክንያት የትግራይ ክለቦች ከሊጉ ውጭ ሆነው ቆይተው ወልዋሎ ወደ ፕሪምየር ሊጉ የተመለሰው በ2017 ዓ.ም. ነው።

ሌሎች አገሮች ምን ሆኑ?

በዚህ ጉዳይ ከሁሉ የበለጠ የሚያስተምረኝ የእንግሊዙ ቲም ባዝ ታሪክ ነው። የባዝ ዩኒቨርሲቲ ቡድኑን ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1999 ነበር (በዚህ ክፍል ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። አሳቡ ከፕሮፌሽናል ክለቦች የታዳጊ ማሠልጠኛ የተሰናበቱ ልጆች ትምህርት እየተማሩ ከፍ ባለ ደረጃ መጫወታቸውን እንዲቀጥሉ ነው። በእንግሊዝ በ18 ዓመቱ «አትበቃም» ተብሎ የሚሸኝ ልጅ ብዙ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው ለእነዚህ ሁለተኛ በር ከፈተ። በ2002 ቡድኑ የኤፍኤ ዋንጫ ዋና ውድድር የመጀመሪያ ዙር ደረሰ፤ ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ እዚያ የደረሰ የዩኒቨርሲቲ ቡድን አልነበረም። በማንስፊልድ ታውን 4 ለ 2 ተሸነፈ። ከዚያ እርከን በእርከን እየወጣ በ2008 ኮንፈረንስ ሳውዝ የሚባለውን ስድስተኛ እርከን ተቀላቀለ።

እዚያ ላይ ከሕጉ ጋር ተጋጨ። ቲም ባዝ ራሱን የቻለ ኩባንያ አልነበረም፤ የዩኒቨርሲቲው አካል ነበር። የሊጉ አስተዳደር በዚህ አቋሙ ከእንግዲህ ማደግም ሆነ በኤፍኤ ዋንጫ መሳተፍ እንደማይችል ወሰነ። ዩኒቨርሲቲው በ2009 ቡድኑን ከሊጉ አስወጣው፤ የአሥር ዓመት ሥራ በዚያው አበቃ። ብዙ ሰው ይህን «ዩኒቨርሲቲ በሊግ ቦታ የለውም» ለሚለው ማስረጃ አድርጎ ያቀርበዋል። እኔ በሌላ መንገድ ነው የማነበው። ቲም ባዝ የወደቀው ሜዳ ላይ አይደለም፤ ተማሪዎቹም አላነሱም። የወደቀው ማን እንደሆነ፣ ሒሳቡ የማን እንደሆነ፣ ዕዳ ቢመጣ የሚከፍለው ማን እንደሆነ የሚገልጽ ወረቀት ስላልነበረው ነው። የክለብ ፈቃድ አሰጣጥ ሥርዓት፣ የአፍሪካው ኮንፌዴሬሽን ካፍ የሚጠቀምበትን ጨምሮ፣ ከሜዳና ከአሠልጣኝ ባሻገር ሕጋዊ ሰውነትና የፋይናንስ አቋም የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ጠንካራ ሥራ በደካማ ወረቀት ሲፈርስ ማየት ያሳዝናል፤ እኛ ዘንድ ደግሞ ወረቀቱን በኋላ እናደርሳለን ማለት የተለመደ ነው።

የዌልሱ ካርዲፍ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ በሌላ በኩል እስከ ላይ ደርሷል። በ2016 የዌልስን ከፍተኛ ሊግ ተቀላቀለ፤ በ2019 በዩሮፓ ሊግ ማጣሪያ የሉክሰምበርጉን ፕሮግሬስ ኒደርኮርን ገጠመ። በመጀመሪያው ጨዋታ 1 ለ 0 ተሸንፎ በመልሱ 2 ለ 1 አሸነፈና፣ ድምሩ እኩል ሲሆን በተጋጣሚው ሜዳ ብዙ ግብ ያገባው በሚያልፍበት ሕግ ወደቀ። አሠልጣኙ የዚያው ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበሩ፤ ተጫዋቾቹም በብዛት ተማሪዎችና የቀድሞ ተማሪዎች ነበሩ። የአየርላንዱ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደብሊን ከ1979 ጀምሮ በአገሩ ሊግ ይጫወታል፤ በስፖርት የነጻ ትምህርት ዕድል ተጫዋቾችን እያስተማረ በ1984 የአገሩን ዋንጫ አንስቷል። በዚያው ዓመት በአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ከኤቨርተን ጋር ተጋጥሞ በሁለት ጨዋታ አንድ ግብ ብቻ ተቆጠረበት፤ ኤቨርተን ያን ዋንጫ በልቷል። ይህ ክለብ ይወጣል ይወርዳል፣ ደጋፊውም ብዙ አይደለም፤ ዲግሪ የያዙ ተጫዋቾችን ማውጣቱን ግን አላቆመም።

ስሙ ብቻ የቀረበት ወገንም አለ። በሜክሲኮ የቲግሬስን ክለብ ከ1996 ጀምሮ የሚያስተዳድረው የሲሚንቶ ኩባንያ ነው። የቺሊው ዩኒቨርሲዳድ ደ ቺሌ በ2006 ከስሮ ከዚያ ወዲህ በአክሲዮን ኩባንያ ይመራል። ከሁሉ የሚያስቆጨኝ የደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ነው። በ1921 በጆሃንስበርግ ዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተ፣ በኋላ በቢድቬስት ኩባንያ የተያዘ ክለብ ነበር፤ በ2017 የአገሩን ሊግ በላ። ከሦስት ዓመት በኋላ ኩባንያው የሊግ ቦታውን ለሌላ ክለብ ሸጠው፤ 99 ዓመት የቆየ ስም ከሊጉ ተሰረዘ። ተማሪው ከሜዳ ከወጣ በኋላ ክለቡ የሚሸጥ ዕቃ ሆኖ ነበር።

ጃፓንን ሳላነሳ አላልፍም። ካኦሩ ሚቶማ በ18 ዓመቱ ከካዋሳኪ ፍሮንታሌ የቀረበለትን የፕሮፌሽናል ውል ትቶ ሱኩባ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ የመመረቂያ ጽሑፉንም ኳስ ይዞ ስለ ማለፍ ጻፈ። ዛሬ የሚጫወተው በእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ነው። ያው ሱኩባ በ2024 በንጉሠ ነገሥቱ ዋንጫ በወቅቱ የአገሪቱን ሊግ ይመራ የነበረውን ማቺዳ ዜልቪያን በመለያ ምት አሸነፈ። ትምህርት ተጫዋችን ያዘገያል የሚለውን እምነት ይህ ምሳሌ ቢያንስ ያናጋዋል።

ወደ ወሎ ስንመለስ

በወሎ ምድር ሦስት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ወሎ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን ዋናው ግቢ ደሴ፣ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱ ኮምቦልቻ ነው። ወልድያ ዩኒቨርሲቲ በ2004 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ቱሉ አውልያና መካነ ሰላም ላይ ነው። የኳስ ፍቅሩስ የት ይጎድላል? ወልድያ በ2009 ዓ.ም. ወደ 25 ሺህ ሰው የሚይዝ፣ በሼክ መሐመድ ሁሴን አሊ አልአሙዲ ስም የተሰየመ ስታዲየም አስመረቀች፤ ክለቧ ግን በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ከፕሪምየር ሊጉ ወረደ። ስታዲየም ብቻውን ክለብ እንደማያቆም ከዚህ የተሻለ ማሳያ ማግኘት ይከብዳል። ክለብን የሚያቆመው ተጫዋች የሚፈልቅበት ምንጭና በየዓመቱ የማይናወጥ ገቢ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ምንጩ ሊሆን ይችላል? በከፊል። እዚህ ላይ ከውጭ ምሳሌዎች የምንለይበት ትልቅ እንቅፋት አለ። የባዝ ወይም የደብሊን ዩኒቨርሲቲ ጥሩ ተጫዋች ሲያይ ና ብሎ ይቀበለዋል። የእኛ ዩኒቨርሲቲ መደበኛ ተማሪውን አይመርጥም፤ ትምህርት ሚኒስቴር በፈተና ውጤት ይመድብለታል። የሐይቅ ወይም የመርሳ ጎበዝ አማካይ ፈተናውን ቢያልፍ እንኳ ምደባው ጂማ ሊሆን ይችላል። ማለፉም አስቸጋሪ ሆኗል፤ የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በልጅነቱ ቀኑን በሜዳ ያሳለፈ ታዳጊ ከእነዚህ መካከል የመገኘት ዕድሉ ጠባብ ነው።

ስለዚህ ቡድኑ በመደበኛ ተማሪዎች ላይ ብቻ ከተመሠረተ ይሳሳል። መፍትሔ አለው። በማታና በቅዳሜና እሁድ ትምህርት ዩኒቨርሲቲው ራሱ ተማሪ ይቀበላል፤ የመግቢያ መሥፈርቱን ለሚያሟሉ የከተማው ተጫዋቾች የትምህርት ክፍያውን በስፖርት ስም ቢያነሳላቸው ከግምጃ ቤት የሚወጣ ደመወዝ ሳይኖር ምንጩ ይሰፋል። ተጫዋቹ ጉልበቱ ሲደክም የሚይዘው ሙያ ይኖረዋል። በ30 ዓመቱ ጉልበቱ ተጎድቶ ያለ ሥራ የቀረ የቀድሞ ተጫዋች በየከተማችን አለ፤ የምናውቃቸው ሰዎች ናቸው። ለእኔ የዩኒቨርሲቲ ቡድን ትልቁ ትርጉሙ ከዋንጫው ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

በተቃራኒው ምደባው የሚሰጠው በረከትም አለ። ከአርባ ምንጭ፣ ከጋምቤላ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ልጅ ደሴ ላይ የወሎን ማሊያ ይለብሳል። በ2012 ዓ.ም. በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎች ሕይወት እስከ መጥፋት የደረሰ ግጭት ለደረሰበት አካባቢ ይህ ተራ ነገር አይደለም። ነገር ግን ኳስ በራሱ ያስታርቃል ብዬ አልምልም፤ በደንብ ካልተመራ ጠብ የሚያነሳሳበት ጊዜም አለ። የጨዋታ ቀን ጥበቃ፣ የደጋፊ አቀማመጥና የዲሲፕሊን ደንብ ከመጀመሪያው ሳምንት በፊት መዘጋጀት አለባቸው።

የጊዜ ሰሌዳውም ይከብዳል። ከኮሮና ወረርሽኝ ወዲህ ሊጎቻችን ክለቦችን በአንድ ከተማ ሰብስቦ ማጫወትን ለምደዋል። በክለብ ካምፕ ለሚኖር ተጫዋች ችግር የለውም፤ ለተማሪ ግን ሳምንታት ከክፍል መቅረት ነው። ቤተ ሙከራ ያመለጠው የምህንድስና ተማሪ በቀላሉ አይካስም። ዩኒቨርሲቲው የማካካሻ ትምህርትና ፈተና በደንብ ካላስቀመጠ መምህሩ በተጫዋቹ፣ አሠልጣኙ በመምህሩ ይማረራሉ፤ መጨረሻ ላይ የሚጎዳው ልጁ ነው። የተሻለው ቡድኑ ጉዞው አጭር ከሆነበት ከክልል ክለቦች ሻምፒዮና ጀምሮ በራሱ ውጤት እንዲያድግ ማድረግ ነው።

ደግሞ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የትኛው ከተማ ቡድን ይሆናል? ደሴና ኮምቦልቻ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ይራራቃሉ፤ አንዱ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ብርድ ላይ፣ ሌላው ወደ ታች ወርዶ ሞቃት ሜዳ ላይ። ሁለቱም የየራሳቸው የከተማ ክለብ አላቸው፣ ፉክክራቸውም የታወቀ ነው። ዩኒቨርሲቲው ከሁለቱ ጋር በአንድ ሊግ ተመዝግቦ ያንኑ ጥቂት ተጫዋች በገንዘብ ቢሻማ የዝውውር ዋጋ ያስወድዳል፤ ሦስቱንም የሚያዳክም ነው። የተማሪዎች ቡድን ሲሆን ግን ከገበያው ተጫዋች አይገዛምና ሽሚያው አይነሳም። ሲመረቁም የከተማዎቹ ክለቦች የሰለጠነ ተጫዋች በነጻ ያገኛሉ።

የከተማ ክለቦች ከዩኒቨርሲቲው ማግኘት የሚገባቸው እርዳታ ደግሞ በሌላ መንገድ መምጣት አለበት። ሜዳውን በኪራይ ውል መጠቀም፣ የስፖርት ሳይንስ ተማሪዎች በልምምድ ላይ ሆነው እንዲማሩ ማድረግ፣ ለተጎዱ ተጫዋቾች በወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ኮሌጅ በኩል ክትትል መስጠት፣ ዳኞችንና የታዳጊ ፕሮጀክት አሠልጣኞችን ማሠልጠን፤ እነዚህ ዩኒቨርሲቲው በተፈጥሮው የሚችላቸው ሥራዎች ናቸው። «ክለቡን ተረከቡልን» የሚለው ጥያቄ ወደዚህ ቢለወጥ ሁለቱም ይጠቀማሉ።

ገንዘቡን በተመለከተ ሁኔታችንን መርሳት አይገባም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት የወሎና የወልድያ ዩኒቨርሲቲዎች ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ኮምፒውተርና የቤተ ሙከራ ዕቃ መተካት የነበረበት ተቋም ለኳስ ሲያወጣ በየብሩ መልስ ሊኖረው ይገባል። ለዚህ ነው የቡድኑ ሒሳብ ከዩኒቨርሲቲው ሒሳብ መለየት ያለበት፤ የራሱ ሕጋዊ ምዝገባ፣ የራሱ ቦርድ፣ የራሱ የባንክ ሒሳብና በየዓመቱ የሚወጣ የኦዲት ሪፖርት። ገቢው ከዩኒቨርሲቲው የውስጥ ገቢ በግልጽ ከተወሰነ ድርሻ፣ ከቀድሞ ተማሪዎች መዋጮና ከስፖንሰር ይምጣ። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የወደፊት ሠራተኞቻቸውን የሚያስተምር ግቢ ቡድን ማሊያ ላይ ስማቸውን ማስጻፍ ለፋብሪካዎቹ እንግዳ ነገር አይሆንም። ከግምጃ ቤት ለትምህርት የተመደበ ብር ግን ለደመወዝም ለፊርማም አይንካ።

ሴቶቹ ከመጀመሪያው መታሰብ አለባቸው። በየግቢው ሴት ተማሪዎች በብዛት አሉ፤ የሴቶች ክለብ ግን በወሎ ከተሞች ብዙም አናይም። የዩኒቨርሲቲ የሴቶች ቡድን ማንንም ሳይሻማ ባዶ ቦታ ይሞላል። እኔ የዩኒቨርሲቲ አስተዳደር ብሆን የወንዶቹን ሳስመዘግብ የሴቶቹን አብሬ አስመዘግብ ነበር።

አንድ የቀረ ጥያቄ አለ፤ ተጫዋቹ ሲመረቅስ? በየዓመቱ ከቡድኑ አንድ አራተኛ ገደማ ይወጣል፤ የተማሪ ቡድን ጣሪያው ዝቅ ያለው በዚህ ነው፤ ለከፍተኛ ሊግና ለአንደኛ ሊግ የሚመጥነውም በዚሁ ምክንያት ነው። በሜዳ ዝርዝሩ ላይ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ተመዝጋቢ ተማሪ ይሁን፤ የቀድሞ ተማሪዎች ከተመረቁ በኋላ ለሁለት የውድድር ዘመን ይቆዩ፤ ከዚያ በላይ አይሁን። ልጁን በመልቀቂያ ይዞ ማሰቃየት ደግሞ በእግር ኳሳችን የታወቀ በሽታ ነው፤ ክለብ መልቀቂያ ከለከለኝ የሚል ተጫዋች በየዓመቱ አይጠፋም። የትምህርት ተቋም ይህን ሊያደርግ አይችልም። የተመረቀ ተጫዋች መልቀቂያውን ያለ ክፍያ፣ የተማሪ ክሊራንሱን በሚጨርስበት ሳምንት እንዲያገኝ በቡድኑ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ መጻፍ አለበት፤ ደንቡም ቡድኑ ለምዝገባ ወደ ፌዴሬሽን ከመሄዱ በፊት ለተጫዋቾቹ ተነቦ ይፈረም።